ቀይ ክር

ከሐጅ ዩሱፍ ገበያ የያዝነው ባለ ረክሻ፣ በእኛ አገር ባለ ባጃጅ የምንለው፣ አንገቱ የረዘመ፣ ሱሪውን ከቁርጭምጭሚቱ በላይ የጠቀለለ ዝምተኛ ነበር። «ወዴት ነው?» ያለን ጥርት ባለ ዐረብኛ ስለሆነ የአገሩ ተወላጅ መስሎን፣ እኔና ጦይባ ከኋላው ተቀምጠን በአማርኛ እናማው ጀመር።

«የእጅጌውን አዝራር አየሽው?» አለች ጦይባ። «በነጭ ሸሚዝ ላይ ቀይ ክር። ሚስት ያለው ሰው እንዲህ ሆኖ ይወጣል?»

«ጠባዩ አስመርሯት ጥላው ሄዳ ይሆናላ» አልኩና ተሳሳቅን።

የጓደኛችንን የናስራን የኒካሕ ቀሚስ ታቅፈን ስንጣደፍ፣ መንገድ ላይ ሞተሩ ተንተፋትፎ ጠፋ። ሰውየው አወረደን። ረክሻዋን በሁለት እጁ ወዘወዛትና ጆሮውን ወደ ታንኩ አስጠጋ፤ ከታች ጥቂት ቤንዚን ይንቦጫረቃል። የተረፈችው ጠብታ ወደ ሞተሩ እንድትወርድ ረክሻዋን በጎኗ አጋደማት። ከዚያ አቅንቶ ማስነሻውን እየሳበ፣ አልታለብ ያለች ላም እንደሚያባብል ሰው፣ «በይ እንጂ የኔ ሸጋ፣ ሙሽራ እየጠበቀች አታሳፍሪኝ» አላት። በአማርኛ፣ ያውም በወሎ አማርኛ።

ሞተሩ ተነሳ። ጦይባ በሻሿ አፏን ሸፈነች። እሱ ግን ምንም እንዳልተፈጠረ «ያላ፣ ግቡ፣ ቤንዚኑ ሳያልቅ» አለን፣ መልሶ በዐረብኛ።

ናስራ ደጃፍ ደረስን። ስንወርድ እጅጌውን እያየ ፈገግ አለ።

«አዝራሩን የሰፋሁት ራሴ ነኝ» አለ በአማርኛ። «ሚስቴም ጥላኝ አልሄደችም። ገና አልመጣችም፤ ማን እንደሆነችም አላውቅ።»

ጦይባ ቀሚሱን ለእኔ አቀበለችኝ። «እንግዲያው ቤንዚን ቅዳና ለኒካሑ ምሳ ተመለስ» አለችው። «ነጭ ክር አላጣም።»