ለባዳ ያለቀሰ

ባለቤቴ ከሞተ ወዲህ የምጽፈው ጥቂት ጥቂት ነው። ዛሬ ግን የዝንጀሮ ወንበርን ነገር ሳልጨርስ አልነሣም።

በንጉሡ ጊዜ ነው። እሱ ፍኖተ ሰላም አስተማሪ ነበር። እንግሊዝኛ ስለሚችል ሦስት አገር ጎብኚ ፈረንጆች፣ ሁለት ወንዶችና አንዲት ሴት፣ አስተርጓሚ አድርገው ወሰዱት። ከቡሬ በታች በበቅሎ ወርደው፣ ዝንጀሮ ወንበር ከሚባል ገደል አፋፍ ላይ ድንኳን ተከሉ። ከዚያ ወዲያ ጭጋግና ድንጋይ እንጂ ቤት የለም። በነጋታው አንደኛው ወንድ ከድንኳኑ ጀርባ በራሱ ቢላዋ ተወግቶ ተገኘ። የጓደኛው ክንድ ተቧጥጦ ነበር። እሾህ ነው አለ፤ ባለቤቴም ቃሉን እንዳለ ተረጎመው።

ሬሳው እዚያው ተቀበረ። ሁለቱ ፈረንጆች ዝም ብለው ቆሙ፤ አገሬውም ዝም አለ። ባለቤቴ ግን ሰው ያለ እንባ አፈር አይገባም ብሎ፣ ደረቱን እየመታ ብቻውን አለቀሰለት።

ከዚያ አውጫጭኝ ተጠራ። ደም ሲፈስ የአጥቢያው ሰው በሙሉ ሜዳ ላይ ይቀመጣል፤ ገዳዩ እስኪታወቅ ወደ ቤቱ የሚሄድ የለም። ያየ ለሽማግሌዎቹ በስውር ይናገራል፤ እነሱም "ወፍ ነገረን" ይላሉ እንጂ የነጋሪውን ስም አያወጡም። ባለቤቴ ፈረንጆቹም ይቀመጡ ቢል፣ አጥቢያ ዳኛው እንግዳ አውጫጭኝ ማስቀመጥ ነውር ነው አሉት። ለሁለቱ ከዛፍ ጥላ ሥር አጎዛ ተነጠፈላቸው፤ አገሬው ፀሐይ ላይ ዋለ፣ ብርድ ላይ አደረ። ወሩ ኅዳር ነው። የደረሰው ጤፍ ማሳው ላይ ይረግፋል። ሰው ማጉረምረም ጀመረ።

በመጨረሻ ወፍ ተናገረች፤ ለባዳ እንዲያ የሚያለቅስ እጁ ያለበት ነው አለች። ሕዝቡ ወደ አጨዳው ተበተነ፣ ፈረንጆቹ አገራቸው ገቡ፣ ባለቤቴ ቡሬ ታሰረ።

ስንቅ ይዤ እመላለስ ነበር። አንድ ቀን ክንዱን ዘርግቶ የፈረንጁን ጭረት በአራት ጣቱ እየሳበ አሳየኝና፣ "እሾህ አራት መስመር እኩል አይቧጥጥም" አለኝ።  ፍርድ ቤቱ ማስረጃ የለም ብሎ ሲለቀው ጠጉሩ ሸብቷል፤ ማስተማሩም ቀርቷል።

ከዚያ ወዲያ በማንም ለቅሶ አላለቀሰም። እናቱ አገራቸው ማንኩሳ ሲቀበሩ ኩታውን አዘቅዝቆ እንደ ግንድ ቆመ። ዘመዶቹ ደረቅ አሉት። ልጃችንን ስንቀብርም እንዲያው ነበር። የገዛ እንባውን እንደሚፈራው የማውቅ እኔ ብቻ ነበርሁ።

እሱ ሲሞት፣ በለቅሶው ላይ ምርኩዝ የያዙ አንድ ሽማግሌ ከቡሬ በኩል በእግራቸው መጡ። ከለቀስተኛው ሁሉ የእሳቸው ድምፅ በለጠ። የያኔው አጥቢያ ዳኛ ነበሩ። ሰው ቀለል ሲል ሄጄ አጠገባቸው ተቀመጥሁ።

"አባቴ፣ ዘመድዎ ነበር?"

"አልነበረም።"

"ታዲያ ለባዳ እንዲህ የሚያለቅስ ምን ይባላል?"

ምርኩዛቸውን ጭናቸው ላይ አጋደሙት። 

"ጤፉ ይረግፍ ነበር፣ ልጄ" አሉኝ።

መንገደኛ ናቸውና ንፍሮ ዘገንሁላቸው። ከእፍኛቸው ግማሹ መሬት ፈሰሰ፤ ማናችንም አልለቀምነውም።