ለካርድ ዕዳ የተላኩ ሽማግሌ

ባለፈው ቅዳሜ ልጄ ሊዲያ፣ ኦሃዮ ውስጥ ሂሊያርድ ያለው ቤቴ መጥታ፣ ጃኬቷን እንኳ ሳታወልቅ ፍሪጅ ከፍታ ቆመች። ስትጨነቅ እንደዚህ ናት፤ ሳይርባት ፍሪጅ ውስጥ ታፈጣለች። «ምን ሆነሻል?» ስላት ግማሹን በእንግሊዝኛ፣ ግማሹን በተሰባበረ አማርኛዋ ነገረችኝ። እጮኛዋ የክሬዲት ካርድ ዕዳ አለበት። ከካምፓኒው ጋር እየተደራደረ ነው፤ ቀንሰውለት ሴትል እስኪያደርግ፣ ማለት ከፍሎ እስኪዘጋው፣ ሠርጉን ለማቆየት ተስማምተዋል።

«ዓመት፣ ምናልባት ሁለት ዓመት ነው ማም። ኢትስ ኖት ኤ ቢግ ዲል» አለችኝ።

ኖት ኤ ቢግ ዲል! ምንም አይደለም ማለቷ ነው። ቢላ እንደያዝኩ ሳቄ መጣ፤ ሳቁ ሳያልቅ ደግሞ ዓይኔ እንባ ሞላ። «ሽንኩርቱ ነው» አልኳት። ሽንኩርቱን ገና አልላጥኩትም ነበር። አባቷ፣ ምትኩዬ፣ ድንገት ትዝ ብሎኝ ነው።

ምትኩን ያወቅኩት ሂልቶፕ የሚባል ሰፈር ነው፣ ብሮድ ስትሪት ላይ አውቶቡስ ስንጠብቅ። እኔ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ኤይድ፣ ረዳት ማለት ነው፣ ሆኜ እሠራ ነበር፤ እሱ በዲቪ መጥቶ ዌርሃውስ፣ ዕቃ መጋዘን፣ ሥራ ገብቷል። መኪና የለንም፤ አውቶቡሱም እንደፈለገው ነው የሚመጣው፤ በዚያው ወሬ ጀመርን። ክረምቱም በጋውም ሳይታወቀን አለፈ። ነሐሴ ሲሆን ገበሬዎች ፒክአፕ አቁመው መንገድ ዳር በቆሎ ይሸጣሉ። ምትኩ በላስቲክ ሙሉ ገዝቶ ይመጣና እኔና ሌሎች ሴት ልጆች የምንኖርበትን ቤት ምድጃ ይዞ መጥበስ ነው። የኦሃዮ በቆሎ እንደሆነ ለመቀቀል እንጂ ለጥብስ አይሆንም፤ ስኳር ብቻ ነው፤ ይጨማደድና ጥርስ ላይ ይለጠፋል። «ይሄ በቆሎ ነው? ከረሜላ ነው እንጂ!» እያለ ሲያማርር ሦስቱን ይጨርሳል። አፉ ዙሪያ ጥላሸት ሆኖ ሲስቅ እስከ ዛሬ ይታየኛል። እንዴት እንደናፈቀኝ!

ዕዳው የመጣው በብርድ ልብስ ምክንያት ነው። ምትኩ ገና እንደመጣ፣ አንድ ሱቅ በር ላይ ጠረጴዛ ዘርግተው ካርድ ለሚያወጣ ሰው ብርድ ልብስ በነጻ ያድላሉ። እሱ ብርድ ልብሱን አይቶ ፈረመ። ካርዱ በፖስታ ሲደርሰው ሊሚቱን፣ የፈቀዱለትን የብር መጠን፣ አይቶ ልቡ ተነካ። «አንድ ቀን እንኳ ሳያውቁኝ ይህን ያህል አመኑኝ!» ብሎ ሲያወራ፣ ባንኩ የእናቱ ልጅ ነው የሚመስለው። ባዶ አፓርታማው ውስጥ ትልቅ የቆዳ ሶፋ ገዛ። እናቱ ሲታመሙ ቲኬት ቆርጦ አገር ቤት ሄደ፤ የሐኪሙንም በካርዱ ከፈለ። በየወሩ ቢሉ ላይ «ሚኒመም» የሚለውን ትንሽዬ ብር ይከፍልና «ጥሩ ሰዎች ናቸው፣ አያስጨንቁም» ይለኛል። ወለዱ ከጀርባው እየወለደ መሆኑን ማን ነግሮት! ዌርሃውሱ ሰዓት ሲቀንስበት ሚኒመሙም አቃተው። ዕዳው ለሰብሳቢ ካምፓኒ ተሸጠ፤ ስልኩም ከጠዋት እስከ ማታ መጮህ ጀመረ።

እኛ ደግሞ ልንጋባ ነው። ቤተ ክርስቲያናችን ውስጥ ለመጋባት የተዘጋጁትን ጥንዶች ሽማግሌዎች ያስተምሯቸው ነበር፤ ከትምህርቱ ውስጥ አንዱ «ዕዳ አለባችሁ ወይ?» የሚል ጥያቄ ነው። ምትኩ መዋሸት የት ያውቅና! እስከ ሳንቲሙ ተናገረ። ሽማግሌዎቹ ተያዩ፤ አንዱ ካልኩሌተር አወጡ፤ በእሱ ደመወዝ ከነወለዱ ሦስት ዓመት ይፈጃል ተባለ። «እንግዲህ ልጆች፣ ትዳር በዕዳ አይጀመርም። መጀመሪያ ይህን ዝጉ፤ ከዚያ ቀኑን እንቆርጣለን» አሉን። ሦስት ዓመት! እዚያው ወንበሬ ላይ ክው አልኩ። ወደ ቤት ስንሄድ ምትኩ መሬት መሬት እያየ «አስቱ፣ ብትተዪኝ አልቀየምሽም» አለኝ። ተናደድኩ፤ ጮህኩበት፤ አላፊ አግዳሚው ዞር ብሎ እያየን ነበር።

ከሽማግሌዎቹ መሐል ጋሼ በቀለ የሚባሉ ነበሩ። አገር ቤትም እዚህም ስንት ባልና ሚስት ያስታረቁ፣ ስንት ልጅ ለምነው ያስዳሩ ሰው ናቸው። ውሳኔው አላስተኛቸውም መሰል፣ በማግስቱ ደወሉልኝ።

«ልጄ አስቴር፣ ይሄ ካምፓኒ ሰው አይሠራበትም እንዴ?»

«ይሠራል ጋሼ።»

«ሰው ካለበት ሽማግሌ ይላክበታል። ቅዳሜ እመጣለሁ።»

ቅዳሜ ምትኩ ቤት መጡ፤ ሱፍ ከነክራባቱ፣ ጫማው ተወልውሎ። ያን ጊዜ ኅዳር ነው፤ ውጭው ግራጫ ሆኖ ዝናብም በረዶም ያልሆነ ነገር ይንጠባጠባል። ሻይ ቀድቼ ሶፋው ላይ ይቀመጡ ብላቸው እምቢ። «ሽማግሌ ጉዳዩ ሳይፈጸም አይቀመጥም» ብለው ስልኩ ፊት ቆሙ። እሳቸው ቆመው እኛ እንዴት እንቀመጥ? ሦስታችንም አንዲት ስልክ ከበን ቀጥ አልን። ምትኩ ደወለና ስሙን አረጋግጦ፣ «ሽማግሌዬ ስለኔ እንዲናገሩ ፈቅጃለሁ» አለ። ስፒከሩ ተከፈተ።

ጋሼ በቀለ እንደ ደንቡ ሰላምታ ጀመሩ። እንዴት ነሽ፣ ቤተሰብሽ እንዴት ነው፣ ልጆች አሉሽ? ስልኩን ያነሳችው ሴትዮ «ሁለት አሉኝ» አለች፣ ድምፅዋ ለስለስ ብሎ። ልጆቹን መረቁላት። ከዚያ ወደ ጉዳዩ ገቡ፤ ይህ ልጅ ጨዋ ነው፤ ይቺ ልጅ ትጠብቀዋለች፤ እናንተም የራሳችሁ ይድረሳችሁ፣ እሱም ያቅሙን ይክፈል።

«ባንድ ጊዜ ከከፈላችሁ ከመቶው ሰማንያውን እንቀበላለን» አለች ሴትዮዋ።

ጋሼ በቀለ አየሩን ወደ ውስጥ ሳብ አደረጉ። «እሕ!»

መቼም ይሄ የኛ ነገር ነው፤ «አዎ፣ እየሰማሁሽ ነው፣ ቀጥይ» ለማለት ትንፋሽ እንስባለን። እዚህ አገር ግን ሰው እንደዚያ የሚያደርገው መርዶ ሲሰማ ነው። እኔ በሥራዬ አውቀዋለሁ፤ መጦሪያው ውስጥ አንዷ አሮጊት «ውሃ ታመጪልኛለሽ?» ሲሉኝ ትንፋሼን ስቤ በመለስኩ ቁጥር «ምነው የኔ ማር፣ ምን ሆንሽ?» እያሉ ይደነግጡብኝ ነበር።

«ሰር? ደህና ነዎት?» አለች ሴትዮዋ።

«ደህና ነኝ፣ ቀጥይ» አሉ ጋሼ በእንግሊዝኛ፣ ኮስተር ብለው።

«እሺ... አይጨነቁ። ሱፐርቫይዘሬን ላናግር።» ሙዚቃ ተከፈተብን። ተመልሳ «ስድሳ» አለች።

«እሕ!»

ምትኩ ደስታው ፈንቅሎት «እሺ» ሊል አፉን ሲከፍት ዘልዬ በመዳፌ ከደንኩት። ዓይኑን አፍጥጦ ያየኛል። በሌላው እጄ ጋሼን፣ ከዚያ ስልኩን እያሳየሁ ትንፋሼን ስቤ አሳየሁት፤ ድንገት ገባው። ከመዳፌ ሥር ሳቁ ሲንፈቀፈቅ፣ ጢሙ ሲኮረኩረኝ ይሰማኛል። ጋሼ በቀለ ምንም አላወቁም፤ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው፣ አማች ፊት ቆሞ እንደሚለምን ሰው አንገታቸውን ዝቅ አድርገዋል።

ሴትዮዋ እንደገና ሄደች፣ ቆየች፣ መጣች። «እባክዎ ሰር፣ ራስዎን አይጉዱ። አርባ። ከዚህ በታች አልችልም፤ በወሩ መጨረሻ መከፈል አለበት።»

ጋሼ አሁንም ትንፋሻቸውን ሳቡ። ሴትዮዋ ግን በዚያው ጸናች፤ እሳቸውም «እግዚአብሔር ይስጥልን። በይ በጽሑፍ ላኪልን፤ ሽማግሌ በባዶ እጁ አይመለስም» አሏት። ስልኩ ሲዘጋ ነው የተቀመጡት። ክራባታቸውን ፈታ አድርገው ሻዩን አንዴ ፉት አሉና «አያችሁ? ሰላምታው ነው የረታት» አሉን። ምትኩ መታጠቢያ ቤት ገብቶ ውሃውን ከፍቶ ሳቀ።

ወረቀቱ መጣ። ሶፋው ተሸጠ፤ እኔ ለቬሎ ያስቀመጥኩትን አወጣሁ፤ ጋሼ በቀለ ዕቁብ ደርሷቸው ስለነበር ጨመሩልን። ተከፍሎ አለቀ። ጋሼ በየጉባኤው «ሽምግልና አሜሪካም ይሠራል» እያሉ እስኪሞቱ ድረስ መሰከሩ፤ እኛም አንድ ቀን ትንፍሽ አላልንም። በጥር፣ በዚያ ብርድ፣ ከሰው በተዋስኩት ቬሎ ተጋባን። ጸደይ ሲመጣ ደግሞ ምሕረት የተደረገልን ዕዳ እንደ ገቢ ተቆጥሮ ታክስ ይከፈልበታል የሚል ወረቀት መጣ። ምትኩ ወረቀቱን አገላብጦ አየና «ምሕረትም ታክስ አለው እንዴ?» አለ። ያም ተከፈለ።

ከዚያ በኋላ ብዙ ነገር ኖርን። ሊዲያ ተወለደች፣ ይህን ቤት ገዛን። ምትኩ ሃያ ዓመት እንኳ ሳንደፍን፣ በመጋቢት፣ በር ላይ በረዶ ሲጠርግ ልቡ ቀጥ አለ። ወጥቶ ሳይመለስ ቀረ፣ በቃ። አሁን ዕዳ የሚባል ነገር የለብኝም፤ ቤቱም ተከፍሎ አልቋል። ማታ ማታ ሳሎኑ ውስጥ ብቻዬን ቁጭ እላለሁ፤ ቤቱ ጭር ይላል።

ከኖርነው ላይ ሦስት ዓመት ቢነሳ የቱ ይቀርብኝ ነበር እያልኩ አስባለሁ። ሊዲያን ብስክሌት ያስተማረበት በጋ ነው? ወይስ ሁለታችንም ሥራ አጥተን አልጋ ላይ ሽሮ እየበላን የሳቅንበት ክረምት? አንዱንም አልሰጥም። ያቺ የስልክ ሴትዮ ስሟን ነግራን ነበር፤ ረሳሁት። ብር የቀነሰች መስሏት ከባሌ ጋር ሦስት ዓመት ጨመረችልኝ።

ሊዲያ መልስ እየጠበቀች ነበር። «አትጠብቁ» አልኳት።

«ማም፣ ብዙ ብር እኮ ነው።»

«ይሁና! ተጋቡና አብራችሁ ክፈሉት። ለዕዳ ሲሆን ደውለሽ የምትለምኚው ሰው አለ። እኔ አባትሽን አንድ ዓመት ጨምሩልኝ ብዬ ለማን ልደውል?»