እትዬ ዘነበች እና ስም የማይጻፍበት ገጽ

የመምህርት ዘነበች ክፍሌን ዕረፍት የነገረችኝ የቀድሞ ተማሪያችን አስካለ ናት። ስልኩን እንዳነሣሁ «ጋሼ፣ እትዬ ዐረፉ» አለችኝ። በተወለዱበት በራቤል፣ ነፋሱ ነጠላችንን ከትከሻችን እየገፈፈ ቀበርናቸው። ከዚያ ቀን ወዲህ አንድ ቦታ መቀመጥ ተስኖኛል። እናንተም እሳቸውን የምታውቁ ሁሉ እንዲህ ሆናችሁ እንደሆነ አላውቅም። እኔ ግን ካልጻፍኩት የሚለቀኝ አልመሰለኝም።

ዘመሮ ከተማ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አብረን ስናስተምር እሳቸው የኮምፒውተር፣ እኔ የታሪክ መምህር ነበርን። ትምህርት በሳተላይት እየተላከ በፕላዝማ ቴሌቪዥን የሚታይበት ዘመን ነው። የኮምፒውተር ክፍላችን ያረጁ ማሽኖች ነበሩት፤ ኢንተርኔት ግን አልነበረውም። አንድ ቀን እትዬ ዘነበች ከሁሉ የሚሻለውን ማሽን መስኮት ሥር አስቀምጠው ከሌሎቹ ጋር በኬብል ሲያያይዙ ደረስኩ። ምን እየሠሩ እንደሆነ ጠየቅኳቸው።

«ሰርቨር ላስነሣ ነው» አሉኝ።

«ኢንተርኔት ሳይኖር?»

«ኢንተርኔት ምን ያደርግልኛል? ትምህርቱን እዚህ አስቀምጣለሁ። ልጆቹ ከየመቀመጫቸው ሲጠይቁት ገጹን አውጥቶ ይሰጣቸዋል። ሰርቨር ማለት ይኸው ነው፤ ሲጠሩት አቤት የሚል።»

የዚያን ዕለት ግን እንቢ አለ። ትእዛዙን ይጽፋሉ፣ ማሽኑ ስሕተት ነው ብሎ ይመልስላቸዋል። ይነሣሉ፣ እስከ በሩ ይሄዳሉ፣ ይመለሳሉ። ቁጭ ብሎ ማሰብ የሚባል ነገር አያውቁም ነበር። በመጨረሻ «ሰርቨሩ ጥሪ የሚቀበልበትን በር ሌላ ፕሮግራም ይዞበታል!» ብለው ጮኹ። ያንን ዘጉት፣ ሰርቨሩን እንደገና አስነሡት፣ ከክፍሉ ማዶ ወዳለው ማሽን ሮጡ። እዚያ ስክሪን ላይ «እንኳን ደህና መጣችሁ» የሚል ጽሑፍ ወጣ። ደስታቸውን ሳይጨርሱ መብራት ጠፋ።

«ማስነሣቱስ ቀላል ነው» አሉ የጠፋውን ስክሪን እያዩ። «ተነሥቶ እንዲውል ማድረግ ነው ሥራው።»

አዋሉትም። ጠዋት ከሰንደቅ ዓላማ ሰልፍ በፊት እየመጡ ያስነሡታል፤ አቧራውን ይጠርጋሉ፤ መብራት ሄዶ በመጣ ቁጥር የተበላሸ እንዳለ ያያሉ። የፊዚክስ መምህሩ ተዛውሮ ምትክ በጠፋ ጊዜ ተማሪዎቹ የተማሩት ከዚያ ነው። ማስታወሻውን እሳቸው ከየመምህሩ እየለመኑ ጽፈው አስገብተውት ነበር።

ቆየት ብለው «ጠይቁ» የሚል ገጽ ጨመሩበት። በተለይ ሴቶቹ በክፍል ውስጥ እጅ ማውጣት ያፍሩ ስለነበር በዚህ ገጽ ላይ ስም አይጻፍም። በሰልፍ ላይ ቆመው «ማን እንደ ጻፈ አላይም» ብለው ለተማሪው ሁሉ ቃል ገቡ። ማየት ግን ይችሉ ነበር። ሰርቨሩ ጥያቄው ከየትኛው ማሽን እንደ መጣ ይይዛል፤ የየተማሪው መቀመጫም የታወቀ ነው።

በዐቢይ ጾም አጋማሽ አንድ ጽሑፍ መጣ፦ «ለዳግማይ ትንሣኤ ሊድሩኝ ነው። ፈተናዬን ሳልወስድ። ምን ላድርግ?»

እትዬ ዘነበች ጠርተው አሳዩኝ። «ይዩት እንጂ ማን እንደሆነች!» አልኳቸው።

«ቃል ሰጥቻለሁ።»

«ልጅቱ ልትዳር ነው እኮ!»

«አውቃለሁ!» ብለው ተቆጡኝ። ከዚያ ተቀምጠው በገጹ ላይ «እኅቴ፣ ማን እንደሆንሽ እንዳይ ትፈቅጅልኛለሽ?» ብለው ጻፉ።

በማግሥቱ መብራት ጠፋ፤ ሰነበተም። ልጅቱ መልሳቸውን ማየት አልቻለችም፤ ጾሙ ደግሞ እየገፋ ነው። እትዬ ዘነበች ከክፍል ወደ ክፍል፣ ከግቢ ወደ መንገድ ሲመላለሱ ዋሉ። በኋላ ነጠላቸውን አጣፍተው ወደ ደብሩ ሄዱ፤ እኔም ተከተልኳቸው። ቤተ ክርስቲያኑ ለንግሥ በዓል የሚጠቀምበት ጄኔሬተር ነበረው።

መሪጌታ ጽጌ «ለድምፅ ማጉያ የገዛነው ነው። ምን ልታሰሙበት ነው?» አሏቸው።

«አንዲት ልጅ እንድትሰማኝ ነው፣ አባቴ።»

መሪጌታ ነገሩን ከሥሩ ጠየቁ፤ ሰሙም። «በሉ ውሰዱት» አሉ። «ወደ ልጅቱ ወላጆች ስትሄዱ ደግሞ ጥሩኝ፤ የእናንተን ብቻ አይሰሙም።»

ጄኔሬተሩን በአህያ ጭነን አመጣን። ሰርቨሩ ተነሣ፣ ክፍሉ ተከፈተ፣ ተማሪዎች በየተራ ገቡ። እትዬ ዘነበች የማንንም ፊት ላለማየት ውጭ ቆመው ጠበቁ። ሁሉም ሲወጡ ገብተው ገጹን ከፈቱ። «ይወቁኝ» ይላል። ከዚያ በኋላ ነው ያዩት። አስካለ ነበረች።

አስቀድመን ከእሷ ጋር ተነጋገርን፤ ከዚያ ከመሪጌታ ጋር ሆነን ወደ ቀየት በሚወስደው መንገድ ላይ ወዳለው ቤታቸው ሄድን። አባቷን አቶ ደምሴን ከደጃፉ ሞፈር ሲጠርቡ አገኘናቸው። የመጣንበትን ሲሰሙ መጥረቢያውን አስቀመጡ።

«ቃል ሰጥቻለሁ» አሉ። «ሽማግሌ ተቀምጦ፣ እግዜር ሰምቶ። ቃሌን ልብላ?»

እትዬ ዘነበች ለቃላቸው ሲሉ ስንት ቀን እንደ ተቃጠሉ የማውቅ እኔ ነኝ። እሳቸውም «ቃል ይብሉ አልልዎትም፣ አቶ ደምሴ» አሉ። «ግን ቃሉን ሲሰጡ እሷን ጠይቀዋታል?»

አቶ ደምሴ ወደ ልጃቸው ዞሩ። «አንቺ ምን ትያለሽ?»

«ፈተናዬን ልውሰድ፣ አባባ» አለች አስካለ መሬት መሬት እያየች።

መሪጌታ «እኔ ራሴ ሽማግሌዎቹን አነጋግራለሁ፤ ነውሩን በእኔ ላይ ያድርጉት» አሉ። አቶ ደምሴ መጥረቢያቸውን አንሥተው እንደገና መጥረብ ጀመሩ። ስንነሣ ብቻ፣ ቀና ሳይሉ «ትፈተን» አሉ። ተፈተነች፤ አለፈችም። የጋብቻው ወሬ በዚያው ቀረ። ዛሬ ነርስ ናት፤ ሞተው እስኪለዩን አጠገባቸው የነበረችውም እሷ ናት።

ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያበቃ እትዬ ዘነበች ዕረፍት ያገኙ ነበር።

በሚቀጥለው ዓመት፣ በዚያው በጾም ወቅት፣ በገጹ ላይ፣ ከዓምናው ጽሑፍ ሥር፣ «እኔንም» የሚል አንድ ቃል ተጻፈ። እትዬ ዘነበች ያንኑ ጥያቄ ጻፉላት። መብራቱ ነበረ፤ ሰርቨሩም አልወደቀም። መልስ ግን አልመጣም። በየዕረፍቱ እየሮጡ ይገባሉ፣ ገጹን ይከፍታሉ፣ ይወጣሉ። ርዕሰ መምህሩም፣ እኔም እንዲያዩ ለመንናቸው።

«አንዷን ያለ ፈቃዷ ካየሁ፣ ነገ ማን ይጽፍልኛል?» አሉን።

ከፋሲካ በኋላ አንዳንድ ወንበር ባዶ ሆነ። ከፊሉ ለሥራ ወደ አዲስ አበባ የሄደ ነው፣ ከፊሉ የታመመ፤ ያገባችም አለች። የቻልነውን ቤት ሁሉ ዞርን። ያገኘናቸው ልጆች «እኔ አይደለሁም» አሉ፤ ያላገኘናቸውም ነበሩ። ከዚያ በኋላ እትዬ ዘነበች ገበያ ሲወጡ ሕፃን ያዘለች ወጣት ባዩ ቁጥር እርምጃቸውን ይገቱ ነበር።

ተቀምጠው ግን አላዘኑም። በየዓመቱ ጾም ሳይገባ ካህናቱን እያስፈቀዱ ከቅዳሴ በኋላ በየደብሩ ወላጆችን ማነጋገር ያዙ። የሰሟቸው አሉ፤ «ኮምፒውተርሽን አስተምሪ» ብለው የመለሷቸውም አሉ። ገጹንም ጡረታ እስኪወጡ አልዘጉትም።

ታመው ሳሉ ልጠይቃቸው ሄጄ ነበር። ስለ በሽታቸው ሳልጠይቃቸው እሳቸው ስለዚያች ልጅ አነሡብኝ። «ባየው ኖሮ እላለሁ» አሉኝ። «ደግሞ ልክ ነበርኩ እላለሁ። ሁለቱም አያስተኙኝም።» እጃቸውን ይዤ ተቀመጥኩ።

ይህን የምታነቢ አንቺ ራስሽ ከሆንሽ፣ አስተማሪሽ እንዳልረሱሽ እወቂ። የትም ብትሆኚ፣ እንዴትም ብትኖሪ፣ ስትፈልጊ ብቻ ለአስካለ ወይም ለእኔ ንገሪን።

እትዬ ዘነበች፣ በሕይወት ሳሉ ይቀመጡ ብንልዎት እንቢ ይሉን ነበር። አሁን ግን በራቤል አፈር፣ ከእናት አባትዎ አጠገብ ተኝተዋል፤ እንግዲህ እሺ ይበሉን። አምላክ ደጋግ ባሮቹ ባሉበት ያሳርፍዎ። እርስዎ ይተኙ፤ ልጅቱን እኛ እንፈልጋታለን።