ሙሉውን የተመለሰው ምሳ ዕቃ

በደርግ ጊዜ ናዝሬት እስር ቤት ሲያስገቡኝ ከሰው በፊት የተቀበለኝ የሽንት ባልዲው ነው። አዲስ ገቢ ከእሱ አጠገብ እንደሚተኛ የክፍሉ ካቦ ነገረኝና፣

"በምን ገባህ?" አለኝ።

"በወይን።"

"ሰክረህ?"

"አይ፣ መድኃኒት አልረጭም ብዬ።"

ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። መርቲ በኩል በመንግሥት እርሻ የወይን ተክል ኃላፊ ነበርኩ። ለወይኑ ሻጋታ የመጣውን መድኃኒት ትቼ አጓት በውሃ አቅጥኜ እረጭ ነበር፤ ሥሩን ደግሞ የከብት ሽንት በርዤ አጠጣለሁ። ጥቂት መስመር ሲደርቅብኝ አሻጥር ተባለ።

በእስር ቤቱ በር አጠገብ አንድ የጠወለገ የወይን ሐረግ ነበር። አዛዡ ሙያዬን ሰምተው "አፍራው" አሉኝ። ማዳበሪያ ብጠይቅ "ባለህ ተጠቀም" አሉ። ያለን ባልዲው ነበር። በታሰርኩበት ጥፋት ተሾምኩ! በየጠዋቱ የእስረኛውን ሽንት በውሃ እየበረዝኩ አጠጣሁት። ሐረጉ ቀንበጥ አወጣ፤ እኔ ግን ሸተትኩ። ማዕድ ስቀርብ ሰው እየሳቀ ፈቀቅ ይልልኛል። አብሬ እየሳቅሁ በሆዴ አፍር ነበር።

ምሳ የምታመጣልኝ ባለቤቴ ናት። ቤተሰብ ከበር አያልፍም፤ ዘበኛው ያስገባልናል፣ እኛም ገልብጠን ባዶውን እንመልሳለን። ባዶ ምሳ ዕቃ ሰውዬው በሕይወት አለ ማለት ነው። ሙሉውን ከተመለሰ፣ በዚያ ዘመን ሌላ መርዶ ነጋሪ አያስፈልግም ነበር።

አንድ ቀን ሐረጉን ሳጠጣ በሩ ተከፈተና አየኋት። ነጠላዋ ንጹሕ ነው። "ባሌ ነጭ ካፖርት ለብሶ ነው የሚውለው" እያለች ለጎረቤት የምትኮራብኝ ሴት ናት። የእኔ እጅ እስከ ክርኔ ርሷል። ባልዲዬን ይዤ ከኩሽናው ጀርባ ተወሸቅሁ። ዘበኛው ስሜን ደጋግሞ ተጣራ። እጄን እስክታጠብ ይቆይ ብዬ ዝም አልኩ።

ከዚያ ጩኸቷን ሰማሁ።

"ወይኔ! ወይኔ! ምን አደረጋችሁብኝ?"

ምሳ ዕቃውን እንዳለ መልሶላት ነበር።

እየሮጥኩ ወጣሁ። "አለሁ! አለሁ እኮ!"

መሬት ላይ ተቀምጣ ነበር፤ ቀና ብላ አየችኝ፣ ቀጥሎ ባልዲውን አየች። ላስቀምጠው ጎንበስ አልኩና ተውኩት። እንደያዝኩት ቀጥ ብዬ ቆምኩ።

"አቦ፣ ይኸው አለልሽ!" አለ ዘበኛው፣ እሱም ደንግጦ።

"እጅህን ታጠብና ብላ" አለችኝ። ታጥቤ፣ ዘበኛው ፈቅዶልኝ፣ እዚያው በሩ ላይ ፊቷ በላሁና ባዶውን በራሴ እጅ ሰጠኋት።

ዛሬ አዳማ ጓሯችን ውስጥ ወይን አለን። መድኃኒት አያውቅም፤ ጭማቂውም ያለ እርሾ፣ በራሱ ጊዜ ጋን ውስጥ ይፈላል። ጎረቤት ስለ ባልዲዬ ሽታ ሲያማርር መልስ የምትሰጥልኝ እሷ ናት። እኔ ግን እጄን ልታጠብ ብዬ ለጥቂት ጊዜ መበለት አድርጌያታለሁ። ይህን ሳስብ የምገባበት አጣለሁ። ያን ቀን አንስተን አውርተን አናውቅም። ብቻ ምሳ ስታቀርብልኝ፣ ብጠግብም ባልጠግብም፣ ሳህኑን ባዶ ሳላደርግ አልነሳም።