የሚወቀስ ቱቦ

ምክንያት የሚባለው ቃላችን ሁለት ፊት አለው። ሐኪም ሲለው መነሻ ነው፤ አማት ስትለው ሰበብ ነው። ሰፈራችን ካሳንቺስ በሚገኝ አንድ ክሊኒክ ሐኪሙ ውጤቶቻችንን አገላብጦ «ምክንያቱ ያልታወቀ መካንነት ነው» ያለን ቀን ይህን ልዩነት ገና አላውቅም ነበር። የእኔ ማህፀን ደህና፣ ቱቦው ክፍት፣ እንቁላሉም ጊዜውን ጠብቆ የሚመጣ፤ የባሌም ዘር ጤነኛ። «ሁለታችሁም ምንም የላችሁም» አለን። እንደ ምሥራች ነበር ያለው።

እዚያው ወረፋ ስንጠብቅ የተዋወቅኳት ጓደኛ ነበረችኝ። የእሷ ሁለቱም ቱቦዎች በቆየ ኢንፌክሽን ተዘግተዋል። ማኪያቶ እየጠጣን ውጤቴን ስነግራት ከልቧ አዘነችልኝ።

«ውይ የኔ እህት! እኔ እንኳ የሚወቀስ ቱቦ አለኝ። አንቺ ምን አለሽ?»

«የሚወቅሱ ዘመዶች።»

ሳቅን። ግን እውነቷን ነበር። የእሷ አማት ነገሩን ሲሰሙ አልቅሰው ዝም አሉ፤ ቧንቧ ከተዘጋ ውሃ እንደማይመጣ አዲስ አበባ ውስጥ የማያውቅ የለም። ሌላዋ የወረፋ ወዳጃችን ደግሞ ችግሩ የባሏ ሆኖ ሳለ መካን የምትባለው እሷ ናት። ቃሉ ራሱ ቀሚስ ለብሶ የተወለደ ነው፤ «መካን ሰውዬ» ሲባል ሰምቼ አላውቅም።

የእኔ ግን ባዶ ቦታ ነበር፤ ባዶ ቦታ ደግሞ ካሳንቺስ ውስጥ ሳይታጠር አያድርም። አንዷ ጎረቤት ንባብ ደሜን ወደ ጭንቅላቴ ስቦት ነው አለች። ሌላዋ «በኮረዳነቷ አስወርዳ ይሆናል» አለች። «በቃ አታስቢው፣ ያኔ ይመጣል» የሚሉም ነበሩ፤ መታገሥ ያቃተኝ እነዚህን ነው።

አንድ እሑድ አማቴ ሁለት ሽማግሌዎች አስከትለው ከቂርቆስ መጡ።

«ልጄ፣ ምክንያቱ ምንድን ነው?»

«ምክንያት አልተገኘም፣ እማማ።»

«ምክንያት ሳይኖር ሰው እንዴት ይመክናል? ደብቀሽኝ ነው እንጂ!»

ለአፍታ ውሸት ልስጣቸው ብዬ አሰብኩ። ቱቦዬ ተዘግቷል ብላቸው ምንኛ በወደዱኝ! አላልኩም። ያላጠፋሁትን ጥፋት ፈርሜ አልረከብም።

አንደኛው ሽማግሌ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እንግዲህ ልጃችን ጤነኛ ነው ተብሏል። ከውጭ አንድ ይውለድና ያምጣ። አንቺ ታሳድጊዋለሽ፤ ትዳርሽም አይፈርስም።»

ትዳሬን በዚህ ዋጋ ነበር መልሰው የሚሸጡልኝ። ባሌ ሊናገር አፉን ሲከፍት ቀደምኩት።

«መልካም ነው፣ አባቴ። ሐኪሙ ግን እኔንም ጤነኛ ነሽ ብሎኛል። እንግዲያው እኔም ከውጭ ልሞክር። ቀድሞ የተሳካለት ያምጣና አብረን እናሳድጋለን።»

ሁለተኛው ሽማግሌ ጋቢያቸውን አፋቸው ላይ ጣል አደረጉ፤ ትከሻቸው ግን ይንቀጠቀጥ ነበር። አማቴ «ጉድ! ጉድ!» ብለው ተነሡ፤ መልሰው ተቀመጡ።

«እኔ ከውጭ የማመጣው ዳቦ ብቻ ነው» አለ ባሌ። ነገሩ በዚያው ቀረ።

ጓደኛዬ ያዘነችልኝ ባዶ ቦታ ያን ቀን አፍ ሆነኝ። ቱቦዬ ተዘግቶ ቢሆን ኖሮ ምናልባት አንገቴን ደፍቼ እሺ እል ነበር። ይህም ያናድደኛል፤ ቱቦዋ የተዘጋባት ሴት አፏም አብሮ መዘጋት አልነበረበትም።

ልጅ አልመጣም። ሰፈራችን ፈርሶ ከተበታተንን በኋላ፣ ሜክሲኮ አካባቢ አንድ ለቅሶ ቤት ከአማቴ ጎን ተቀምጬ ነበር። አንዲት የማላውቃት ሴት ወደ ጆሯቸው ጠጋ ብላ፣ እኔም እንድሰማው በሚበቃ ሹክሹክታ «ምራትዎ ምን ሆና ነው የማትወልደው?» አለቻቸው።

«ምንም አልሆነችም!» አሉ አማቴ፣ ለቀስተኛው ሁሉ እስኪዞር። «ጤነኛ ናት!»

በክስ ድምፅ ነበር ያሉት። ንፍሮውን አቀበልኳቸው።