ሳላጠብቀው የወጣሁበት ቀርከሃ

መጀመሪያ የጠፉብኝ የእግሬ ጣቶች ናቸው። አሶሳ ውስጥ፣ ገና ባላለቀ ቤት ግድግዳ ሥር በጀርባዬ ተዘርግቻለሁ። ጫማዬ ይታየኛል፤ ጣቶቼ ግን የሉም። ላንቀሳቅሳቸው ሞከርኩ። እምቢ አሉ።

አዲሱ ክልል ገና መቋቋሙ ነበር። ከየቦታው የተመደበው ሠራተኛ ቤት ይፈልጋል፤ እኛ ግንበኞች እንጣደፋለን። እኔ ደግሞ የራሴ ጥድፊያ ነበረኝ። ባለቤቴ ፋጡማ ፓዌ ሆና የመጀመሪያ ልጃችንን ልትወልድ አንድ ወር ቀርቷታል። ክልላችን አንድ ቢሆንም መሐላችን ዓባይ ነው፤ ያኔ መኪናው በአዲስ አበባ ዞሮ ነበር የሚደርሰው። ያን ግድግዳ ጨርሼ ልሄድ ነበር።

የምንቆምበት ርብራብ እርጥብ ቀርከሃ በልጥ ታስሮ የሚሠራ ነው። ቀርከሃው ሲደርቅ ይኮማተርና ማሰሪያው ይላላል፤ ስለዚህ ጠዋት ጠዋት እየዞሩ ማጥበቅ ደንብ ነው። የዚያን ዕለት የበርታው ጓደኛዬ እንድሪስ፣ "ቆይ ሰይድ፣ ይሄ ደርቋል፤ እንደገና እንሰር" አለኝ። "አንተ አስረህ እስክትጨርስ እኔ ግማሹን እገነባለሁ" ብዬ ስቄበት ወጣሁ። ሦስተኛውን ብሎኬት ሳስቀምጥ እግሬ ሥር ያለው ቀርከሃ ተንሸራተተ።

ሰዎች እጅና እግሬን ይዘው ሊያነሡኝ መጡ። እንድሪስ ጮኸ። "ወላሂ፣ ማንም እንዳይነካው! ወገብ ነው!" ያልተገጠመ በር አመጣ። ሳያጣምሙኝ በሩ ላይ አስተኝተው ሆስፒታል አደረሱኝ።

ራጅ ተነሣሁ። ሐኪሙ፣ "አከርካሪህ ተሰንጥቋል። ነርቩ ግን ተጨምቋል እንጂ አልተቆረጠም። ጎትተው አንሥተውህ ቢሆን ሊቆረጥ ይችል ነበር" አለኝ።

"እራመዳለሁ?"

"አላውቅም።"

ሽንት የሚያወጣ ቱቦ፣ ካቴተር፣ ገባልኝ። አለቀስኩ። ሴት ልጅ መወለዷን በደብዳቤ የሰማሁት እዚያው አልጋ ላይ ነው።

አንድ ከሰዓት በኋላ አውራ ጣቴ ትንሽ ስትነቃነቅ አየሁ። ከዚያ ወዲያ ፊዚዮቴራፒው ላብ በላብ ቢያደርገኝም፣ ያላየኋትን ልጅ ፊት አንዴ በእናቷ አንዴ በእኔ መልክ እየሳልኩ፣ መጀመሪያ የአልጋውን ጠርዝ፣ ቀጥሎ የእንድሪስን ትከሻ፣ በኋላም እሱ የጠረበልኝን የቀርከሃ ምርኩዝ ይዤ መራመድ ቻልኩ። ናፍቆቱ ከሕመሙ ይብስ ነበር።

ፓዌ ስደርስ ልጄ ድክ ድክ ትላለች። እኔን ፈርታ የእናቷ ቀሚስ ውስጥ ተሸሸገች፤ ምርኩዙን ግን ወደደችው።

እንድሪስን፣ ሐኪሙንና ነርሶቹን አላህ ይስጥልኝ። አንተ ተኝተህ ይህን የምታነብ፣ ጣትህ ዛሬ እምቢ ቢልህ ነገም ሞክር። የወደቀ ሰው ያየህ፣ አትጎትተው። ርብራብ ላይ ልትወጣ የተነሣህ ደግሞ፣ ቤት የሚጠብቅህ ካለ ማሰሪያውን አጥብቀህ ውጣ። እኔ ቶሎ ልድረስ ብዬ ከዓመት በላይ ዘገየሁ። ልጄ የመጀመሪያ እርምጃዋን ስትራመድ አላየሁም።