ሃያ ሁለተኛው ፊርማ

የጡረተኛ መምህራን ማኅበር አባላት የሰውዬውን እውነተኛ ስም ከረሱት ቆይተዋል። «ጋሽ ቃለ ጉባኤ» ነው የሚሏቸው። ሠላሳ አንድ ዓመት በትምህርት ቤት መዝገብ ቤት ሠርተው ጡረታ ሲወጡ ማኅበሩ ጸሐፊው አደረጋቸው፤ ከዚያ ወዲህ «እሳቸው ባሉበት ስብሰባ ማስነጠስም ይመዘገባል» እየተባሉ ይታማሉ። ሐሜቱ ሙሉ በሙሉ ውሸት አልነበረም።

ቃለ ጉባኤ ለብዙ ሰው አሰልቺ ወረቀት ነው። ለእሳቸው ግን ሰው ከፈጠራቸው ነገሮች ሁሉ የሚደንቅ ነበር። እስቲ አስቡት፤ አርባ ሁለት ሰው አንድ አዳራሽ ውስጥ ይጯጯሃል፣ ይሳሳቃል፣ ይኳረፋል፤ ከዚያ ሁሉ ጫጫታ ሁለት ሦስት ገጽ ትወጣለች። ገጿ ከተፈረመች ሕግ ያውቃታል። ማኅበሩ ጧሪ ላጡ አሥራ አራት አረጋውያን የከፈተው መኖሪያ ቤት የቆመውም በእንዲህ ያለች ገጽ ነው። የቤቱ ፈቃድ በየዓመቱ ይታደሳል፤ ለማደስ የጉባኤ ውሳኔ ያስፈልጋል፤ ውሳኔው የሚጸናው ከአባላቱ ግማሽ ሲደመር አንድ፣ ማለትም ሃያ ሁለት ሰው፣ ሲፈርምበት ነው። ፊርማውም በጥራዙ መዝገብ ላይ እንጂ በብጣሽ ወረቀት አይሆንም። ብጣሽ ወረቀት ይቀየራል፤ ከጥራዝ ላይ ግን ገጽ ቢገነጠል ያስታውቃል።

ወረርሽኙ የመጣ ዓመት ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብ ተከለከለ። ፈቃዱ ሊያልቅ የቀረው ዘጠኝ ቀን ነበር። ጉዱን አያችሁት? አንዱ ሕግ «ካልተሰበሰባችሁ ቤቱ ይዘጋል» ይላል፤ ሌላው «ከተሰበሰባችሁ ትታሰራላችሁ» ይላል። ፈቃድ ሰጪው መሥሪያ ቤት ስልክ አያነሳም። ጋሽ ቃለ ጉባኤ ቢቸግራቸው ማኅበሩን በነጻ ለሚያማክረው ጠበቃ ደወሉ፤ እሳቸው በሠሩበት ትምህርት ቤት የተማረ ነው።

«ደንባችሁ ‹በአንድ ቦታ ተሰብስበው› ይላል ጋሼ?»

«‹በጉባኤ› ብቻ ነው የሚለው፤ አንቀጽ ዘጠኝ» አሉ፣ ደንቡን ሳይገልጡ።

«እንግዲያውስ ሰው ወደ መዝገቡ መምጣት ካልቻለ መዝገቡን ወደ ሰው ይውሰዱት። ቢያንስ መከራከሪያ ይሆነናል። ብቻ አደራ፣ ይጠንቀቁ።»

በደስታ ሊዘሉ ምንም አልቀራቸው። መዝገቡን ወደ ሰው! በማግስቱ መዝገቡን፣ ሦስት እስክሪብቶ፣ አልኮልና ጥጥ በቦርሳ ይዘው ወጡ። የአባላቱን ቤት በየሰፈሩ ደልድለው፣ ዱካ ወንበር በር ላይ አስቀምጠው፣ መዝገቡን ወንበሩ ላይ ዘርግተው ሁለት እርምጃ ወደኋላ ይላሉ። ሰውየው ሲፈርም እስክሪብቶውን ይጠርጋሉ። ሥራው ግን አልፈጠነም። ጡረተኛ መምህር ሳያነብ አይፈርምም። ሦስቱንም ገጽ ከላይ እስከ ታች ያነባል፣ ያርማል፣ ይከራከራል። የጂኦግራፊ መምህሩማ ብቻቸውን አንድ ሰዓት ፈጁ።

በዘጠነኛው ቀን ረፋድ ላይ ሃያ አንድ ፊርማ ነበር። ከቀሩት ገሚሱ ወደ ልጆቻቸው ሄደዋል፣ ገሚሱ ሆስፒታል ነው። በቅርብ የነበሩት አንድ ሰው ብቻ ናቸው፤ የአርባ ዓመት ጓደኛቸው፣ የቀድሞው ርዕሰ መምህር። ሳንባቸው ደካማ ስለሆነ ሁለት ወር ሙሉ በር ዘግተው ነበር። ጋሽ ቃለ ጉባኤ ሆን ብለው ነው መጨረሻ ያደረጓቸው፤ ከሌላ ቤት ከሞላልኝ አላስቸግረውም ብለው። አልሞላም። ሦስተኛ ፎቅ ወጥተው አንኳኩ።

«ማነው?» አሉ ርዕሰ መምህሩ ከውስጥ።

«መንግሥት ነው፣ ክፈት!»

«መንግሥት ደረጃ ሲወጣ እንዳንተ አያለከልክም። ምን ፈለግህ?»

«አንድ ፊርማ ቀረኝ።»

የርዕሰ መምህሩ ሚስት ጣልቃ ገቡ። «ጋሼ፣ ሐኪሙ ለማንም እንዳትከፍቱ ብሎናል። የሳንባውን ነገር ያውቁታል።»

«አውቃለሁ እህቴ። ዛሬ ካልተፈረመ ግን አሥራ አራቱ ሰዎች መሄጃ የላቸውም።»

ርዕሰ መምህሩ ከውስጥ ሳቁ። «ክፈችለት ባክሽ። ዝም ካልነው ‹በሩን ባለመክፈታቸው› ብሎ ለታሪክ ይጽፈኛል።»

በሩ ተከፈተ። ርዕሰ መምህሩ ከስተዋል። እስክሪብቶውን ተቀብለው አንደኛውን ገጽ አነበቡ፤ አውራ ጣታቸውን በምላሳቸው አርሰው ገለጡ፤ ሁለተኛውን አነበቡ፤ አሁንም አርሰው ገለጡ።

«ዓረፍተ ነገርህ ዛሬም ረጅም ነው» አሉ። «ሰው መሐሉ ላይ ሻይ ጠጥቶ ሊመለስ ይችላል።» ጭራዋ ረጅም የሆነች ፊርማቸውን አስቀመጡ። «በል ሂድ። ቤቱን አድን።»

ጋሽ ቃለ ጉባኤ መዝገቡን ለመሥሪያ ቤቱ ጥበቃ አስረክበው፣ ቤታቸው እስኪደርሱ በለሆሳስ እያፏጩ ሄዱ።

በፈረሙ በሰባተኛው ቀን ርዕሰ መምህሩን አተኮሳቸው። ሆስፒታል ገቡ፤ በአምስተኛው ቀን ሞቱ። አራት የተሸፋፈኑ ሰዎች ቀበሯቸው፤ ሌላ ሰው አልተፈቀደለትም። የጂኦግራፊ መምህሩም ታመው ዳኑ፤ ሌሎች ሁለት ፈራሚዎችም እንዲሁ። ጋሽ ቃለ ጉባኤ ራሳቸው ጥቂት ቀን የሳሙና ሽታ ጠፍቶባቸው፣ እንቅልፍ ማጣት ነው ብለው አልፈውት ነበር።

ክልከላው ሲላላ መዝገቡ ከደብዳቤ ጋር ተመለሰ። ጠበቃው ደብዳቤውን በስልክ አነበበላቸው። በወረርሽኙ ጊዜ የሚያበቃ ማንኛውም ፈቃድ፣ ማመልከቻም ሆነ ቃለ ጉባኤ ሳያስፈልገው፣ በራሱ ለስድስት ወር ተራዝሟል።

«መመሪያው መቼ ነው የወጣው?»

ጠበቃው ቀኑን ነገራቸው። «አላየሁትም ጋሼ። በየቀኑ አንድ መመሪያ ይወጣ ነበር። የተለጠፈው ደግሞ በተዘጋ መሥሪያ ቤት ውስጥ ነው። ያን ዕለት ስንት ፊርማ ነበረዎት?»

ማስላት አላስፈለጋቸውም። «ስምንት።»

ስልኩን ዘግተው መዝገቡን ገለጡ። የገጾቹ የታችኛው ጥግ ለስልሶ፣ ተጨማዶ ወደ ላይ ተቆልምሟል። ዕድሜ ልኩን ደብተር ሲያርም የኖረ መምህር ገጽ የሚገልጠው ጣቱን በምላሱ አርሶ ነው፤ ሃያ ሁለቱም እንደዚያ ነበር የገለጡት። እስክሪብቶውን ሃያ ሁለት ጊዜ ጠርገዋል። የገጹን ጥግ አንድም ጊዜ አልጠረጉም።

ሦስት ቀን ቆይተው ወደ ሦስተኛው ፎቅ ወጡ። የሟቹ ሚስት ወንበር ሰጧቸውና ፊት ለፊታቸው ተቀመጡ።

«ፊርማው ሠራ ጋሼ? ሆስፒታል ሆኖ በስልክ ‹ቤቱ ተረፈ?› እያለ ይጠይቀኝ ነበር። ሌላ ነገር አልጠየቀኝም።»

«ቤቱ ተርፏል።»

«ተመስገን።»

እዚህ ላይ ማቆም ይችሉ ነበር። ያሉት እውነት ነው፤ አሥራ አራቱም ሰዎች አልጋቸው ላይ ናቸው። ግን አላቆሙም። መመሪያውን፣ ቀኑን፣ ስምንቱን ፊርማ፣ የገጹን ጥግ በቅደም ተከተል፣ ምንም ሳይዘሉ ነገሯቸው። ሲጨርሱ ሴትየዋ ወንበራቸውን ወደኋላ ሳቡ።

«ለምን ነገሩኝ?»

«ብቻዬን መቻል አቃተኝ እህቴ።»

«እኔስ እችላለሁ?»

ጋሽ ቃለ ጉባኤ ቦርሳቸውን አንስተው ጉልበታቸው ላይ አደረጉ።

«ለልጆቹ እንዳይነግሯቸው» አሉ ሴትየዋ እየተነሱ። «‹አባታችን ቤት አድኖ ሞተ› እያሉ ነው የሚጽናኑት። አሁን ይሂዱልኝ። አላባርርዎትም፤ ሌላ ቀን ይመጣሉ። ዛሬ ግን ይሂዱልኝ።»

ተነሱ። ደረጃውን አንድ በአንድ፣ መደገፊያውን ይዘው ወረዱ።